የቆመ ሰው ልክ

በመሐል ሜዳ ከተማ ሥራው ስሞታ ቀርቦበት የማያውቅ አናጢ አቶ ገብረየሱስ ብቻ ናቸው። ይህን የሚናገሩት ራሳቸው ናቸው፤ የሚያስተባብላቸውም የለም። ሌላው አናጢ የሠራው በር በክረምት ሲያብጥ ይሰደባል፣ የሠራው አልጋ ሲንቋቋ ይረገማል። የእሳቸውን ዕቃ ወስዶ «ጠበበኝ» ወይም «ሰፋኝ» ብሎ የተመለሰ ደንበኛ ግን እስከ ዛሬ አልታየም። የሚሠሩት የሬሳ ሣጥን ነው።

ሙያውን ያስተማሯቸው ሰው ሣጥን ሠሪ ነበሩ፤ እሳቸውም በዚያው ቀሩ። አንድ ሁለቴ ወንበርና አልጋ ለመሥራት ሞክረዋል። ከሣጥን ሠሪ አልጋ የሚያሠራ ሙሽራ ግን መንዝ ውስጥ አልተገኘም። አልጋው ሁለት ዓመት ቆሞ ቆሞ ተፈታና ጣውላው ለሣጥን ዋለ።

ሥራው የሚታዘዝበት መንገድም የታወቀ ነው። ከተማው ውስጥ ሰው ሲሞት ከቤተ ዘመዱ አንዱ ከአጥር የባሕር ዛፍ ዘንግ ይቆርጣል። በሟቹ ቁመት ልክ ይከረክመዋል፤ ይዞት ይመጣና ምንም ሳይናገር በአቶ ገብረየሱስ በር መቃን ላይ ያስደግፈዋል። እሳቸው ባርኔጣቸውን ያወልቃሉ። ማን እንደሆነ አይጠይቁም፤ አብዛኛውን ጊዜ ዘንጉን አይተው ያውቁታል። ከዚያ በዘንጉ ልክ ላይ ከራስጌ አራት ጣት፣ ከግርጌ አራት ጣት ይጨምራሉ። የሞተ ሰው ይረዝማል፤ ጠቦ ከሚገኝ ሰፍቶ ቢገኝ ይሻላል ብለው ነው። ሣጥኑ ሲያልቅ ዘንጉን በጉልበታቸው ሰብረው እሳት ውስጥ ይከቱታል። ሠላሳ ዓመት እንዲህ ኖረዋል።

ሠላሳ ዓመት ሲለኩ የኖሩ ዓይኖች ደግሞ ዝም ብለው አይቀመጡም። አቶ ገብረየሱስ ሰው ሲያዩ ሳይወዱ በግድ ቁመቱን ያነባሉ። ከተማው ይህን ያውቃል። መንገድ ላይ ሲያገኛቸው ጎንበስ ብሎ ሰላምታ የማይሰጣቸው ሰው የለም፤ ጎንበስ የሚለው ግን ሁሉም ለአክብሮት አይደለም።

እንግዲህ እኒህ ሰው ዘንድ ነው የእህታቸው ልጅ በዕውቀቱ አንድ ማዳበሪያ ተሸክሞ የመጣው። በዕውቀቱ ሬዲዮና ቴሌቪዥን ይጠግናል፤ መጠገን ያቃተውንም ቢያንስ ይፈታዋል። አዲስ አበባ ሄዶ ሰንብቶ መመለሱ ነበር። ማዳበሪያውን የሥራ ቤቱ ወለል ላይ ዘረገፈው። ሽቦ ወጣ፣ ቀያይ ቁልፎች ወጡ፣ አንድ አረንጓዴ ሰሌዳ፣ ጫፋቸው ላይ ኳስ ያለባቸው ሁለት አጫጭር ዱላዎች።

«ምንድን ነው ይሄ?» አሉ አቶ ገብረየሱስ።

«ጌም ነው ጋሼ። ሳንቲም ይጎርሳል፤ ልጆች ቆመው ይጫወቱበታል። አንዱ ጌም ቤት ሲዘጋ ባለቤቱ አፍርሶ ሸጠልኝ።»

«ምን ዓይነት ጨዋታ ነው?»

«ሁለት ሰዎች ይደባደባሉ።»

«ምን አድርጎት?»

በዕውቀቱ አሰበ። «እሱ አይታወቅም» አለ። «ይኸው፣ መንጃው ይሄ ነው፣ መምቻው ቁልፍ ያ ነው። ቴሌቪዥን አለኝ። የቀረው ሣጥኑ ነው። የድሮውን ምስጥ በልቶት ጥለውታል፤ እርስዎ ይሠሩልኛል ብዬ ነው የመጣሁት።»

«ልኩን ይዘሃል?»

«ይዣለሁ» አለና እጁን ደረቱ ላይ አደረገ። «ቁልፎቹ የሚቀመጡበት ጠረጴዛ እስከዚህ ይደርሳል።»

አቶ ገብረየሱስ ደረቱን አዩ፤ ከዚያ ወደ ጫማው ወረዱ። በዕውቀቱ አንድ ሜትር ከሰባ ዘጠኝ ነው። ነግሯቸው አያውቅም።

«ደህናውን ማሽን መቼ ነው ያየኸው?»

«ስድስተኛ ክፍል እያለሁ፣ አዲስ አበባ አጎቴ ጋ።»

«እንግዲያው የስድስተኛ ክፍል ደረትህን አምጣልኝ» አሉ አቶ ገብረየሱስ። «ይሄኛው ምንም አያደርግልኝም።»

ነገሩ ቀነ ገደብ ነበረው። በዕውቀቱ በጥቃቅንና አነስተኛ ተደራጅቶ ዋናው መንገድ ዳር ሼድ ሊሰጠው ነው፤ ለዚያ የሚሞላ ቅጽ አለ። ቅጹ የማሽኑን ርዝመት፣ ወርድና ቁመት በሴንቲ ሜትር ከነንድፉ ይጠይቃል፤ የሚገባው ዓርብ ነው። «ተጠቃሚው የኅብረተሰብ ክፍል» በሚለው ላይ በዕውቀቱ «ወጣቱ» ብሎ ሞልቷል። ሌላው ሁሉ ባዶ ነው።

አቶ ገብረየሱስ ፊታቸውን ሳይፈቱ «እስቲ እናያለን» ብለው ሸኙት። እራት ላይ ግን እንጀራው እጃቸው ላይ ቀረ። ባለቤታቸው ወይዘሮ የትምወርቅ ጠብቃ ጠብቃ «ምን ሆነሃል?» አለቻቸው።

«የትሜ፣ ሠላሳ ዓመት ሙሉ የሠራሁትን አፈር በልቶታል» አሉ። «አንድም ሄጄ የማየው ነገር የለኝም። ሌላው አናጢ በመንገድ ሲያልፍ ‹ያቺ በር የእኔ ናት› ይላል። እኔ ምን እላለሁ? አንድ ነገር ከመሬት በላይ ሠርቼ ባልፍ ደስ ይለኛል። ሰው የማይሸሸው፣ ሕፃን እጁን የሚያሳርፍበት።»

«ታዲያ ማን ከለከለህ፣ ሥራዋ» አለች ወይዘሮ የትምወርቅ። «እስከዚያው ወጡ በረደ።»

ማግስቱን በዕውቀቱ ቴሌቪዥኑን አመጣና ልክ መውሰድ ተጀመረ። «ሃያ አንድ ኢንች ነው» አለ፤ ሃያ አንዱ ኢንች ወደ ሃምሳ ሦስት ሴንቲ ሜትር ግድም እንደሚመጣም ነገራቸው። አቶ ገብረየሱስ ሜትራቸውን በመስተዋቱ ላይ ከግራ ወደ ቀኝ ዘረጉ። አርባ ሁለት። ደግመው ዘረጉ።

«ተጭበርብረሃል» አሉት።

«ኧረ አይደለም ጋሼ። ቴሌቪዥን የሚለካው ከዚህ ማዕዘን እስከዚያኛው፣ በሰያፍ ነው።»

«በሰያፍ!» አሉና ሜትሩን ጠቀለሉ። «እኔ ሰውን ከግራ ትከሻው እስከ ቀኝ እግሩ ብለካው ኖሮ ይህ ከተማ በድንጋይ ይወግረኝ ነበር።» ቢሆንም ጻፉት። የጀርባውን ጉብታም ለኩ፤ ቴሌቪዥን ከፊቱ ይልቅ በኋላው ቦታ እንደሚበላ ያን ቀን አወቁ። ወርዱ ላይ ደግሞ ከበዕውቀቱ የተሻሉ ሆኑ። በዕውቀቱ ለሁለት ተጫዋች ስድሳ ሴንቲ ሜትር ይበቃል ብሎ ነበር።

«አዲስ አበባ ያየሃቸው ልጆች ምን ለብሰው ነበር?»

«ቲሸርት።»

«የመንዝ ልጅ ሹራብ በሹራብ ላይ ነው፤ ከዚያ በላይ ነጠላ ያጣፋል። በስድሳ ሴንቲ ሜትር ሁለቱ ልጆች ክርን ለክርን ይጋጩና ከቴሌቪዥኑ በፊት እነሱ ይደባደባሉ።» ሰባ ስድስት ብለው ጻፉ። በዕውቀቱ አጎቱን በአዲስ ዓይን አያቸው።

ጠመኔ አንስተው ንድፉን ወለሉ ላይ ማውረድ ሲጀምሩ ነው ችግሩ የመጣው። እጃቸው በራሱ ይሄድ ነበር፤ ከላይ ጀምሮ ትከሻው ጋ ሰፋ አለ፣ ከዚያ ወደ ታች እየጠበበ ወረደ። በዕውቀቱ አንገቱን ሰበር አድርጎ አየው።

«ጋሼ፣ ይሄ አቶ ወሰኔ ናቸው።»

አቶ ወሰኔ የተቀበሩት ባለፈው እሑድ ነበር። አቶ ገብረየሱስ ወደ ኋላ ራቅ ብለው አዩት። እውነትም አቶ ወሰኔ ናቸው። በእግራቸው ደመሰሱትና እንደ አዲስ ጀመሩ፤ አሁን ቀጥ ያለ ነገር ወጣ። የጠረጴዛው ከፍታ ጋ ሲደርሱ ግን ጠመኔው ቆመ። ቆሞ የሚጫወት ልጅ ክርኑ ከመሬት ስንት ይርቃል? ይህን አያውቁም። የሚያውቁት ሁሉ ተኝቶ ነው።

«አንድ ልጅ አምጣልኝ» አሉት በዕውቀቱን። «አሥር ዓመት ግድም የሆነ። አምስት ደቂቃ ቆሞልኝ ይሄዳል።»

በዕውቀቱ ወጣ። አንድ ሰዓት ያህል ቆይቶ ብቻውን ተመለሰ። የመጀመሪያዋ እናት ልጄ አሞታል ብላለች፤ ልጁ ከኋላዋ ኳስ ይመታል። ሁለተኛዋ «ማን ነው የሚለካው?» ብላ ጠይቃ፣ ስትሰማ በሩን ዘግታለች። ሦስተኛዋ ሦስት ጊዜ አማትባ ልጇን በነጠላዋ ሸፈነችው።

የገበያ ቀን ስለነበር ወሬው እስከ እኩለ ቀን ጠብቶ፣ ዳብሮ፣ ተመልሶ መጣ። ገብረየሱስ የሕፃናት ልክ እየሰበሰቡ ነው ተባለ። ከሰዓት በኋላ ላይ የእድሩ ዳኛ አቶ ወዳጆ ከዘራቸውን ይዘው ሥራ ቤቱ ደረሱ። ቆመው ቆመው ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«ገብረየሱስ፣ የሰማኸው ነገር ካለ ለእኔ ንገረኝ።»

«ምን እሰማለሁ?»

«የልጆች ልክ አስቀድመህ እያዘጋጀህ ነው አሉ። የሚመጣ በሽታ ካለ ለጤና ጥበቃ ሰዎች እንንገር፤ እድሩም ይዘጋጅ እንጂ።»

«ለመጫወቻ ነው የምለካው።»

«ለመጫወቻ» አሉ አቶ ወዳጆ በዝግታ፤ ወለሉ ላይ ያለውን የጠመኔ ንድፍ አዩ፣ የተደመሰሱትን አቶ ወሰኔንም አዩ። ሲወጡም ጎንበስ ብለው ወጡ።

ከዚያ በኋላ ልጆች በዚያ መንገድ ማለፍ ተዉ። ትምህርት ቤት የሚሄዱት በላይኛው በኩል ዞረው ሆነ። አቶ ገብረየሱስ ግን እልኸኛ ናቸው። ልጅ ባይሰጡኝ ልጅ የነካውን እለካለሁ አሉ። ቦኖው ጋ ሄደው የቧንቧውን ከፍታ ለኩ፤ ልጆች ግን ጎንበስ ብለው ስለሚጠጡበት ምንም አልጠቀማቸውም። የትምህርት ቤቱን አጥር ሊለኩ ሲሉ ዘበኛው ትኩር ብሎ ሲያያቸው ጊዜ ሽንታቸውን የሚሸኑ መስለው ተመለሱ። በመጨረሻ ትዝ ያላቸው የጌታነሽ ሻይ ቤት ባንኮኒ ነው።

ጌታነሽ ከሥራ ቤታቸው ፊት ለፊት፣ ከመንገዱ ማዶ ሻይ ትሸጣለች። ባሏ አብርሃም ከሞተ ሦስት ዓመት ሆኖታል። እየሩስ የምትባል የአሥር ዓመት ልጅ አለቻት፤ ከትምህርት ቤት ስትመጣ ባንኮኒው ላይ ክርኗን ደግፋ ቆማ የቤት ሥራዋን ትሠራለች። አቶ ገብረየሱስ ሻይ አዘዙ። ጌታነሽ ጀርባዋን ስትሰጥ ሜትራቸውን ከኪሳቸው አውጥተው ከወለሉ ወደ ላይ ሰደዱት። ሰማንያ ስምንት።

«ጋሽ ገብረየሱስ፣ ምን እየለኩ ነው?»

«ባንኮኒውን።»

«ባንኮኒዬ ታመመ?»

አቶ ገብረየሱስ ሜትሩን መደበቅ አፈሩ። ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡትና ነገሩን ከነሥሩ ነገሯት፤ የጌሙን፣ የዓርቡን ቅጽ፣ የቆመ ልጅ ክርን አለማወቃቸውን። ለሚስታቸው የነገሩትንም ነገሯት፤ ከመሬት በላይ አንድ ነገር የሌላቸው መሆኑን። «ልጅሽን አልነካትም» አሉ። «ሜትሩን አንቺው ያዢው፤ እኔ በሩ ላይ ቆሜ አነባለሁ።»

ጌታነሽ ሻዩን አስቀመጠችላቸው።

«አብርሃምን ለክተውልኛል፤ እሱ ይበቃኛል» አለች። «ወንድሜ ዘንጉን የቆረጠው ከራሴ አጥር ነው። ክፍተቱ ዛሬም አለ፤ ጠዋት ጠዋት በር ስከፍት አየዋለሁ። ሌላም ልንገርዎ? ሰፍቶት ነበር። ሣጥኑን ሲያወርዱት ውስጡ ሸተት ሲል ሰማሁት። ሦስት ዓመት ሙሉ እሱን ነው የምሰማው።»

አቶ ገብረየሱስ ሜትሩን ከጠረጴዛው አነሱ። «አራት ጣት እጨምራለሁ» አሉ። «እንዳይጠብ ብዬ ነው እኮ።»

«ጠበበኝ ያለ ሰው ነበር?»

ሻዩን ሳይጠጡ ወጡ። ሥራዬን ያማረረ የለም እያሉ ሠላሳ ዓመት ሲኩራሩ፣ ስሞታው ከመንገድ ማዶ ሦስት ዓመት ተቀምጦ ነበር። አፈሩ፤ እንዲያውም እስከ ዕድሜያቸው ማብቂያ የማይለቃቸው ዓይነት እፍረት ነበር የያዛቸው።

ሥራውን ግን አልተዉም፤ ረቡዕ ቀን ከጣውላ ቁርጥራጭ የሙከራ ሣጥን አቆሙ። ሰማንያ ስምንቱን ከወረቀቱ ላይ እያነበቡ ቆረጡ፣ መቱ፣ ወደ በሩ ገፍተው አቆሙት። የቴሌቪዥኑ ቦታ አለ፤ የቁልፎቹ ጠረጴዛ አለ፤ ልክ የሆነ ይመስላል። ያኔ ከመንገዱ ማዶ ቀጭን ድምፅ መጣ።

«ከፍ ብሏል!»

እየሩስ ነበረች፤ ደብተሯን ታቅፋ በሻይ ቤቱ በር ቆማለች።

«ምን ያህል?» ብለው ጮኹ አቶ ገብረየሱስ። «በምን ያህል ከፍ አለ?»

ልጅቷ እጇን ልታነሳ ስትል ከውስጥ «እየሩስ!» የሚል ድምፅ ተሰማ፤ አንድ እጅ ወጥቶ በሹራቧ አንገትጌ ስቦ አስገባት። በሩ ተዘጋ።

አቶ ገብረየሱስ ሜትር አምጥተው የገዛ ሥራቸውን ለኩ። ዘጠና ስድስት። ወረቀቱ ሰማንያ ስምንት ይላል። አራት ጣት ጨምረዋል። መቼ እንደጨመሩ አያውቁም፤ አእምሯቸው ሳያውቅ እጃቸው ጨምሮታል። ቢቀንሱትስ? ሰማንያ ስምንቱ ራሱ የባንኮኒ ልክ እንጂ የልጅ አይደለም፤ ልጅቷ ባንኮኒው ላይ ስትደገፍ ትከሻዋ ወደ ላይ እንደሚወጣ አሁን ትዝ አላቸው።

ሐሙስ ከሰዓት በኋላ የሙከራውን ሣጥን በሩ ላይ እንዳለ በመዶሻ አፈረሱት። በዕውቀቱ ሲመጣ ምስማር እያቃኑ አገኛቸው።

«ዕቃህን ደብረ ብርሃን ወስደህ ለብረት ሠሪ ስጠው» አሉት። «ቅጹንም እሱ ይሙላልህ። የእኔ እጅ የሚያውቀው የሬሳ ልክ ብቻ ነው፤ በዚህ ዕድሜዬ ሌላ አይማርም።»

«ጋሼ፣ በግምት እንሙላው፤ ቢሮው መጥቶ አይለካም።»

«ሣጥን በግምት አልሠራም» አሉ። ማልቀስ አምሯቸው ነበር፣ ግን የምስማሩን ጭንቅላት መቱ። በዕውቀቱ ሽቦዎቹን ወደ ማዳበሪያው መመለስ ጀመረ።

ዓርብ ጠዋት ፀሐይ ገና ከጭጋጉ ሳትወጣ ጌታነሽ ከግቢዋ ብቅ አለች። በእጇ አዲስ የተቆረጠ የባሕር ዛፍ ዘንግ ይዛለች፤ ቅርፊቱ ገና እርጥብ ነው። መንገዱን መሻገር ጀመረች።

ዘንግ ይዞ ወደ ገብረየሱስ በር የሚሻገር ሰው ምን ማለት እንደሆነ የማያውቅ ሰው መሐል ሜዳ ውስጥ የለም። ገብስ የጫኑ አህዮች ይነዳ የነበረ ገበሬ አህዮቹን አቆመ። አቶ ወዳጆ ከቤተ ክርስቲያን ይመለሱ ነበር፤ ባርኔጣቸውን አወለቁ። አንዲት ሴት ነጠላዋን አፏ ላይ አደረገች። ጌታነሽ ማንንም አላየችም። መጣች፤ ዘንጉን በሩ መቃን ላይ አስደገፈችው፤ ቆመች።

አቶ ገብረየሱስ ከውስጥ ዘንጉን አዩት። አጭር ነው። አንድ ሜትር ከሠላሳ ግድም። የመላጊያውን ጠረጴዛ ያዙ። ጩኸት አልሰሙም፤ እንዴት ሳልሰማ ቀረሁ አሉ በልባቸው። ከትናንት ወዲያ «ከፍ ብሏል» ያለችው ድምፅ ጆሯቸው ውስጥ አለ። ባርኔጣቸውን አወለቁ።

«እግዚአብሔር ያጥናሽ ልጄ» አሉ። «መቼ?»

«ዛሬ ጠዋት» አለች ጌታነሽ። «ትምህርት ቤት ከመሄዷ በፊት።»

አልገባቸውም።

«አልቆም ብላኝ ነበር፤ ረፈደብኝ እያለች። ከነጫማዋ ነው የለካኋት፤ በባዶ እግሯ ስለማትጫወት።» ዘንጉን አነሳችና መካከሉ ላይ በቢላ የተቆረጠ ምልክት አሳየቻቸው። «ጫፉ ቁመቷ ነው። ይሄ ደግሞ ክርኗ ነው።»

«ቆማ?» አሉ አቶ ገብረየሱስ።

«ቆማ። ትናንት ሲያፈርሱት አየሁ» አለች። ዓይኗ እንባ አቅርሯል፤ ድምጿ ግን የሻይ ሒሳብ የምትናገር ይመስል ነበር። «ዘንጉን የቆረጥኩት ከዚያው ቦታ ነው፣ ከክፍተቱ አጠገብ። አሁን ክፍተቱ ሰፋ፤ ሳየው ሁለቱን አስባለሁ። አንድ ነገር ብቻ ልለምንዎ። አራት ጣት እንዳይጨምሩበት።»

ተመልሳ ተሻገረች። መንገድ ላይ የቆመው ሰው ሁሉ፣ ማዳበሪያውንና ቅጹን ሊወስድ መጥቶ በሩ አጠገብ ያዳመጠውን በዕውቀቱን ከበበውና ነገሩን ሰማ። አቶ ወዳጆ ባርኔጣቸውን መልሰው አደረጉ፤ ትንሽ የተናደዱ ይመስሉ ነበር። ገበሬው አህዮቹን ነዳ። አቶ ገብረየሱስ ግን ዘንጉን እንደ ሕፃን ታቅፈው ወንበራቸው ላይ ተቀምጠው ቆዩ። ከዚያ ምልክቱን ለኩ። ሰማንያ አንድ። ግራ እጃቸውን ኪሳቸው ውስጥ ከተቱት፤ በቀኛቸው ቅጹ ላይ ሰማንያ አንድ ብለው ጻፉ።

ሣጥኑ በሁለት ሳምንት አለቀ፤ ዋናው መንገድ ዳር ሼዱ ውስጥ ቆመ። መብራት ባለበት ቀን ይሠራል፤ መብራት በሌለበት ቀን ልጆቹ ከፊቱ ቆመው እየሠራ እንደሆነ አድርገው ቁልፎቹን ይመታሉ። ዘንጉን አቶ ገብረየሱስ አልሰበሩትም። በሣጥኑ የውስጥ ግድግዳ ላይ አቁመው በሁለት ምስማር መትተውታል፤ ጀርባውን የሚከፍተው በዕውቀቱ ብቻ ስለሆነ ሌላ ሰው አያየውም። እሑድ እሑድ ከቅዳሴ መልስ አቶ ገብረየሱስ በሼዱ በኩል ያልፋሉ። አይገቡም። ከመንገዱ ማዶ ቆመው የጠረጴዛው ጠርዝ በሹራብ እጅጌ ታሽቶ ታሽቶ ሲጠቁር ያያሉ፤ አጠገባቸው ሰው ካለ ያቺ የእኔ ናት ይሉታል።

የእሳቸው ዋና ሥራ መቼም አልቀረም። ዘንግ ይመጣል፣ ባርኔጣ ይወልቃል። አራት ጣት መጨመር ግን ትተዋል።

በሁለተኛው ዓመት አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ እየሩስ በሥራ ቤቱ በር ቆመች። ደብተሯን ታቅፋለች፤ ፊቷ ተኮሳትሯል።

«ጋሽ ገብረየሱስ፣ ጌሙ ዝቅ ብሏል። ስጫወት ወገቤን ያመኛል።»

አቶ ገብረየሱስ መጋዙን አስቀመጡ። «ምን አልሽ?»

«ዝቅ ብሏል። አይመችም።»

«እስቲ ድገሚው።»

«ዝቅ ብሏል!» አለች እየሩስ፤ ሰውዬው ጆሯቸው ደክሟል ብላ ጮኻ።

ልባቸው በደስታ ዘለለ። በሥራቸው የተጠቀመ ሰው በገዛ እግሩ መጥቶ አይመችም ሲላቸው የመጀመሪያቸው ነው፤ ደግሞም የሚታረም ስሞታ ነው። ሜትራቸውን ፈለጉት፤ ደረት ኪሳቸው ውስጥ ነበር። አወጡትና ቆሙ። ከልጅቷ ራስ በላይ መንገዱን አሻግረው አዩ። ጌታነሽ በሻይ ቤቷ በር ብርጭቆ እያደረቀች ታያቸዋለች። ሜትሩን አየች። ብርጭቆውን ማድረቅ አቆመች።

«ቀጥ ብለሽ ቁሚ፣ አንቺ!» ብላ ጮኸች በልጇ ላይ።

እየሩስ ቀጥ አለች። አቶ ገብረየሱስ ተንበርክከው ሜትሩን ከጫማዋ እስከ ክርኗ ሳቡት። ሰማንያ ዘጠኝ ነበር፤ ከዘንጉ ምልክት አራት ጣት ይበልጣል።